ከሜሪላንድ ወደ ቴክሳስ ስትዛወሩ፦ ከመንጃ ፈቃዱ በፊት ኢንሹራንሱ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ዕቃውን ጭኖ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ወይም ፕላኖ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያስበው መንጃ ፈቃዱን ነው። መታወቂያም ስለሆነ ለቤት ኪራይም ለባንክም ይፈለጋል። ስለዚህ ሰነዱን ሸክፎ በቀጥታ መንጃ ፈቃድ ወደሚሰጠው የቴክሳስ መሥሪያ ቤት፣ ወደ ዲፒኤስ፣ ይሄዳል። እዚያ መስኮቱ ላይ ሲደርስ ግን የመኪናውን የቴክሳስ ምዝገባ ይጠየቃል። ከሌላ ስቴት የመጣ አዲስ ነዋሪ በስሙ ያለው መኪና ሁሉ ቴክሳስ መመዝገቡንና ኢንሹራንስ ያለው መሆኑን ማሳየት አለበት። መኪና የሌለው ደግሞ እንደሌለው ፈርሞ ያልፋል። ይህን ሳያውቅ የሄደ ሰው ሳምንታት የጠበቀው ቀጠሮ ይቃጠልበታል።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ይብሳል፤ ኪስ ይነካል። ሰውየው የቴክሳስ ኢንሹራንስ በገባበት ቀን የሜሪላንዱን ያቋርጣል። የሜሪላንድ ታርጋው ግን ገና መኪናው ላይ ነው፣ ወይም ተፈትቶ ጋራዥ ጥግ ተጥሏል። ሜሪላንድ በኮምፒውተሯ የምታየው የተመዘገበና ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ነው። ቅጣቱ መቆጠር ይጀምራል፣ ደብዳቤው ደግሞ ለቃችሁት ወደመጣችሁት አፓርትመንት ይሄዳል።

ሁለቱንም የሚያስቀረው ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። መጀመሪያ የቴክሳስ ኢንሹራንስ፣ ቀጥሎ የጭስ ምርመራ፣ ከዚያ በካውንቲው ታክስ ቢሮ የመኪናው ምዝገባና ታርጋ፣ ከዚያ ዲፒኤስ፣ በመጨረሻ የሜሪላንዱን ታርጋ መመለስና አሮጌውን ኢንሹራንስ መዝጋት። ቀነ ገደቡም የሚናገረው ይህንኑ ነው፦ ቴክሳስ ለመኪናው 30 ቀን፣ ለመንጃ ፈቃዱ 90 ቀን ትሰጣለች። የሚቸኩለው መኪናው ነው።

ገና ሜሪላንድ እያላችሁ

ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት ታይትሉን ፈልጉ። ታይትልና ሬጅስትሬሽን ለየቅል ናቸው፤ ታይትሉ መኪናው የማን እንደሆነ ይናገራል፣ ሬጅስትሬሽን ካርዱ መንገድ ላይ እንዲሄድ መፈቀዱን። ሁለቱም ያስፈልጋችኋል። አሮጌውን የሜሪላንድ ሬጅስትሬሽን ካርድ «ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል» ብላችሁ እንዳትጥሉት፤ ታክሱን የሚያቀልላችሁ እሱ ነው፣ ታች እመለስበታለሁ።

መኪናው የባንክ ዕዳ ካለበትና ታይትሉ በወረቀት እጃችሁ ላይ ከሌለ ለባንኩ ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ታይትሉ ያለው የት ነው፣ በወረቀት ነው ወይስ በኤሌክትሮኒክ? ስቴት እንደምትቀይሩም ንገሯቸው፤ ብዙ የብድር ውሎች ይህን ያስገድዳሉ። መልካሙ ዜና ቴክሳስ ታይትሉ ባንክ ቤት ተቀምጦም መኪናውን «ለምዝገባ ብቻ» ብላ ትመዘግባለች። በማመልከቻው ላይ ለዚህ የሚሆን ሳጥን አለ። ዕዳው ሲያልቅ የቴክሳስ ታይትል ታወጣላችሁ። ሊዝ ከሆነ ግን ባለቤቱ ኩባንያው ስለሆነ ከእነሱ የውክልና ወረቀት ሳይዙ ቢሮ መሄድ የነዳጅ ኪሳራ ነው።

የመንጃ መዝገባችሁንም አሁኑኑ አጣሩ። ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ወይም ያለፈ የልጅ ማሳደጊያ ክፍያ መንጃ ፈቃዳችሁን ሳታውቁት አሳግዶት ሊሆን ይችላል። ስቴቶች በብሔራዊ የአሽከርካሪዎች መዝገብ ስለሚተያዩ ሜሪላንድ ያገደችውን ሰው ቴክሳስ መንጃ ፈቃድ አትሰጠውም። ይህን ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ መጨረስ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከዳላስ ሆኖ በስልክ ሲሆን ወር ይፈጃል።

የዲፒኤስ ቀጠሮም ከመነሳታችሁ በፊት በኢንተርኔት ይያዛል። የሚጠይቀው ስም፣ የትውልድ ቀንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁን የመጨረሻ አራት አኃዝ ነው። ዳላስ ዙሪያ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ከደረሳችሁ በኋላ መፈለግ ከጀመራችሁ የምታገኙት ቀን ሊያናድዳችሁ ይችላል። ከምትደርሱበት ቀን አምስት ስድስት ሳምንት ርቆ ያለውን ያዙ፤ መኪናውን ለማስመዝገብ በቂ ጊዜ ይሰጣችኋል፣ ከ90 ቀኑም አያልፍም። ጋርላንድ ያለው ትልቁ ሜጋ ሴንተር ከሞላ በሠላሳ አርባ ደቂቃ ርቀት ያሉትን ትንንሽ ቢሮዎች ሞክሩ።

ኢንሹራንሱ

ቴክሳስ የምትጠይቀው ትንሹ ሽፋን 30/60/25 ይባላል፦ ለአንድ ተጎጂ 30,000፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ 60,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር። ሕጉ ይህን ይበል እንጂ የዛሬ መኪና ዋጋ 25,000 ዶላርን በቀላሉ ያልፋል። አንድ አዲስ ፒክአፕ ገጭታችሁ ልዩነቱን ከኪሳችሁ ከመክፈል በወር ጥቂት ዶላር ጨምሮ ከፍ ያለውን መግዛት ይሻላል እላለሁ።

ኤጀንቱ ወረቀት ሲያስፈርማችሁ አንብቡ። ቴክሳስ ውስጥ ኩባንያው የራሳችሁን ሕክምና የሚከፍለውን ሽፋንና ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ሲገጫችሁ የሚከፍለውን ሽፋን ማቅረብ ግዴታው ነው፤ እናንተ ካልፈለጋችሁ በጽሑፍ እምቢ ማለት አለባችሁ። «ዋጋ ይቀንስልህ» ተብሎ የሚቀርብላችሁ ፊርማ ብዙ ጊዜ ይህ የእምቢታ ወረቀት ነው። ኡበር ወይም ሊፍት የምትሠሩ ደግሞ ይህንኑ ለኤጀንቱ ተናገሩ። የግል ኢንሹራንስ ሰው ጭኖ መሥራትን ብዙ ጊዜ ስለማይሸፍን ዝም ያለ ሰው የሚያውቀው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው።

ቀኑን እንዲህ አስተካክሉት፦ የቴክሳሱ ኢንሹራንስ ካውንቲው ቢሮ ከምትሄዱበት ቀን አንድ ሁለት ቀን ቀድሞ ይጀምር፣ የሜሪላንዱ ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል አብሮ ይቆይ። ድርብ ክፍያው ከሚመጣው ቅጣት ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ አይባልም። ኩባንያው አንድ ከሆነና «አንድ መኪና በሁለት ውል አንይዝም» ካሏችሁ፣ የሜሪላንዱ ውል በሚያልቅበት ሳምንት የቴክሳስ ታርጋ አውጥታችሁ የሜሪላንዱን መላክ ነው መላው።

ካርዱ ሲደርሳችሁ የሻንሲ ቁጥሩን ከመኪናው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው፤ በሾፌሩ በኩል ከመስታወቱ በታች ዳሽቦርዱ ላይ ይነበባል። በዚህ ቁጥር ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ፈጽሞ አይገቡም። ስለዚህ ኦ የሚመስለው ዜሮ፣ አይ የሚመስለው አንድ ነው። ኤጀንቱ ዜሮውን ኦ ብሎ ከጻፈው የስቴቱ ኮምፒውተር ኢንሹራንሳችሁን አያገኘውም፤ ገንዘቡን ከፍላችሁም እንደሌላችሁ ትቆጠራላችሁ።

የጭስ ምርመራው፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበት

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ወዲህ ቴክሳስ ለግል መኪና የፍሬን፣ የመብራትና የጎማ ምርመራውን አንስታለች። በቦታው 7.50 ዶላር ከምዝገባው ጋር ይከፈላል። ይህን የሰማ ሰው «ምርመራ ቀረ» ይላል፤ የቀረው ግን እሱ ብቻ ነው። የጭስ ምርመራው እኛ በብዛት በምንኖርባቸው ካውንቲዎች እንዳለ ነው፦ ዳላስ፣ ታራንት፣ ኮሊን፣ ዴንተን፣ ሮክዎል፣ ካውፍማን፣ ሂዩስተን ያለችበት ሃሪስ፣ ፎርት ቤንድ፣ ኦስቲን ያለችበት ትራቪስና ሌሎችም። የሚመለከተው ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 24 ዓመት የሆኑ የቤንዚን መኪናዎችን ነው።

መርማሪው ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ኮምፒውተሩን ይሰካል። የሚያየው በዋናነት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የቼክ ኢንጂን መብራት ነው፤ ከበራ ወደቀ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። የመኪናው ኮምፒውተር ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን፣ የኦክስጅን ሴንሰሩን፣ የነዳጅ ትነት መቆጣጠሪያውንና ሌሎቹን በየተራ እየፈተሸ «ጨርሻለሁ» ብሎ ይመዘግባል። እነዚህ ሬዲነስ ሞኒተር ይባላሉ። ቴክሳስ በዚህ ዘመን ለምርመራ ለሚቀርቡት መኪናዎች ያልተጠናቀቀ ሞኒተር የምትታገሠው አንድ ብቻ ነው። ሁለት ከሆነ ሞተሩ እንደ ሰዓት ቢሠራም መኪናው ተመላሽ ነው።

ሞኒተሮቹ የሚጠፉት ባትሪ ሲነቀል ወይም አንድ ሰው በማሽን ኮዱን ሲያጠፋ ነው። ለዚህ ነው ለነገው ምርመራ ብሎ መብራቱን ዛሬ ማጥፋት የማይሠራው፤ መብራቱ ይጠፋል፣ ሞኒተሮቹም አብረው ይጠፋሉ፣ መርማሪውም ገና ሲሰካው ያውቃል። መኪናቸውን ነድተው የመጡ ሰዎች በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው፤ ከሜሪላንድ ዳላስ ያለው 1,300 ማይል ያህል መንገድ ሞኒተሮቹን በሙሉ ያስጨርሳል። ችግሩ የሚበዛው በትራንስፖርት መኪና ተጭኖ በመጣው ላይ ነው። መንገድ ላይ ባትሪው ይሞታል ወይም አራጋፊው ይነቅለዋል፣ ባለቤቱ ጃምፕ አስደርጎ በቀጥታ ወደ ምርመራ ይወስደዋል።

ሞኒተሮቹን ለመመለስ መኪናውን ለሁለት ሦስት ቀን በተለያየ አነዳድ መንዳት ያስፈልጋል። ሌሊቱን ሙሉ የቆመውን ጠዋት አስነስታችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳትነኩት ይሥራ። ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል እየቆማችሁ እየተነሳችሁ ከተማ ውስጥ ንዱት። ቀጥሎ ሀይዌይ ላይ ከ55 እስከ 60 ማይል ባለ አንድ ወጥ ፍጥነት ሩብ ሰዓት፤ እዚህ ላይ ክሩዝ ኮንትሮሉ ይጠቅማል። ስትወጡ ፍሬን ሳትይዙ እግራችሁን ከነዳጁ አንስታችሁ ፍጥነቱ በራሱ ይቀንስ። የነዳጁ ታንከር ከሩብ በላይ፣ ከሦስት ሩብ በታች ይሁን፤ ሙሉ ወይም ባዶ ከሆነ የነዳጅ ትነት ሞኒተሩ ምርመራውን አይጀምርም። ሃያ ዶላር አካባቢ የምትገዛ ስልክ ላይ የምትገናኝ ትንሽ አንባቢ ካለቻችሁ ሁሉም መጨረሳቸውን ቤታችሁ ሆናችሁ ታያላችሁ።

መብራቱ የበራው የነዳጁ ክዳን ስላልተጠበቀ ብቻ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ሦስት ጊዜ ቀጭ እስኪል አጥብቃችሁ ጥቂት ቀናት ንዱት፤ መብራቱ በራሱ ሊጠፋ ይችላል። የላስቲክ ቀለበቱ ከተሰነጠቀ ክዳኑን ለውጡት። ከወደቃችሁ ደግሞ አሠርታችሁ እዚያው ጣቢያ በ15 ቀን ውስጥ ስትመለሱ አንድ ጊዜ በነፃ ይመረምሯችኋል። ሌላ ጣቢያ ከሄዳችሁ ግን እንደ አዲስ ትከፍላላችሁ።

ካውንቲው ታክስ ቢሮ

ሜሪላንድ ውስጥ መኪናውም መንጃ ፈቃዱም ኤምቪኤ በሚባለው አንድ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ሰው ቴክሳስም አንድ ቢሮ ይመስለዋል። ሁለት ናቸው፤ መኪናው ካውንቲው ታክስ ቢሮ፣ መንጃ ፈቃዱ ዲፒኤስ። ታክስ ቢሮ የሚባለው ስሙ አያስፈራችሁ፤ ታርጋ የሚሰጠው እሱ ነው።

የምትይዙት ታይትሉን ወይም ባንክ ቤት ከሆነ የሜሪላንዱን ሬጅስትሬሽን፣ የኢንሹራንስ ካርዱን፣ የጭስ ምርመራውን ውጤት፣ ፎቶ ያለበት ያላለፈበት መታወቂያና ፎርም 130-ዩ የሚባለውን ማመልከቻ ነው። መታወቂያ ላይ ቁጥጥሩ ስለጠበቀ መንጃ ፈቃድ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ፓስፖርታችሁን፣ ዜጋ ካልሆናችሁ ግሪን ካርዳችሁንም ያዙ። ታይትሉ በሁለት ሰው ስም ከሆነ 130-ዩው ላይ ሁለቱም ይፈርሙ። ባል ብቻውን ሄዶ «ሚስቴ ሥራ ላይ ናት» ቢል የሚሰማው የለም። ቅጹን ቀድማችሁ አውርዳችሁ ቤት አስፈርሙ፤ ማይል ንባቡን ግን የሄዳችሁበትን ቀን ዳሽቦርድ አይታችሁ ሙሉት።

አሁን ክፍያው። ቴክሳስ ላይ መኪና ሲገዛ ታክሱ 6.25 በመቶ ነው፤ አዲስ ነዋሪ ግን በሌላ ስቴት በስሙ ተመዝግቦ የነበረ መኪና ይዞ ከመጣ የሚከፍለው 90 ዶላር ብቻ ነው። ያንን የሜሪላንድ ሬጅስትሬሽን አትጣሉ ያልኩት ለዚህ ነው፤ መኪናው በስማችሁ መመዝገቡን የሚያሳየው እሱ ነው። ለአንድ ተራ የቤት መኪና ዳላስ ካውንቲ ላይ ስናሰላው፦ ምዝገባ 50.75፣ የምርመራው ምትክ 7.50፣ የታይትል ማመልከቻ 33፣ የአዲስ ነዋሪ ታክስ 90፤ ድምሩ 181.25 ዶላር። የካውንቲው ትንንሽ ክፍያዎች በላዩ ይመጣሉ። ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ያላችሁ ግን ኮስተር በሉ፤ በየዓመቱ 200 ዶላር ተጨማሪ አለው። ሃይብሪድ አይነካውም።

እኛ ዘንድ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ግን መኪናው በሌላ ሰው ስም መሆኑ ነው። አዲስ ሲመጣ ክሬዲት ስላልነበረው ወንድሙ በራሱ ስም ገዝቶለታል፤ ዕዳውን ከፍሎ ጨርሷል፣ ታይትሉ ግን እስከ ዛሬ በወንድሙ ስም ነው። ይህ ሰው የ90 ዶላሩ ተጠቃሚ አይደለም፤ መኪናው በስሙ ተመዝግቦ አያውቅማ። ያለው መንገድ ስጦታ ነው። ቴክሳስ ከትዳር ጓደኛ፣ ከወላጅ፣ ከልጅ፣ ከአያት፣ ከወንድም ወይም ከእኅት በስጦታ ለሚመጣ መኪና የምታስከፍለው 10 ዶላር ነው፤ ሰጪውም ተቀባዩም የስጦታ ቃለ መሐላ ቅጽ ይፈርማሉ፣ ፊርማቸውም በኖተሪ ይረጋገጣል። ሰጪው ሜሪላንድ ካለ ወረቀቱን እዚያው አስፈርማችሁ ያዙ። የአጎትና የአክስት ልጅን እኛ ወንድሜ ብንልም የቴክሳስ ቅጽ አይልም፤ እሱ ሙሉ ታክስ ይከፈልበታል። ታክሱም የሚሰላው «በአንድ ዶላር ሸጥኩለት» በሚል ወረቀት ሳይሆን ስቴቱ ለመኪናው ካወጣው ግምት 80 በመቶ ባላነሰ ነው።

ሲያልቅ ሁለት ታርጋና አንድ ስቲከር ይሰጧችኋል። ስቲከሩ በሾፌሩ በኩል በፊተኛው መስታወት ታችኛ ጥግ ከውስጥ ይለጠፋል። መስታወቱን በአልኮል አጽዱና አድርቁ፤ በዳላስ ሙቀት በአቧራ ላይ የተለጠፈ ስቲከር በወሩ ይላጣል።

ዲፒኤስ

ዕድሜያችሁ ከ18 በላይ ከሆነና የሜሪላንድ መንጃ ፈቃዳችሁ ካላለፈበት የጽሑፍም የመንዳትም ፈተና የለባችሁም። ዓይናችሁ ይመረመራል፣ አሻራና ፎቶ ይወሰዳል፣ 33 ዶላር ትከፍላላችሁ። ለዜጋ እስከ 8 ዓመት ይሠራል፤ ጊዜያዊ ፈቃድ ላይ ላለ ሰው ግን ካርዱ የሚያልቀው የመኖሪያ ወረቀቱ በሚያልቅበት ቀን ነው። ስለዚህ የሥራ ፈቃዱ ሊያልቅ ሁለት ወር የቀረው ሰው አዲሱ እስኪመጣ ቢጠብቅ ሁለት ጊዜ ከመሰለፍ ይድናል፤ የ90 ቀኑ ገደብ ከፈቀደለት።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ሜሪላንድ የመኖሪያ ወረቀት ለሌላቸውም መንጃ ፈቃድ ትሰጣለች፤ ካርዱ ላይ ለፌዴራል ጉዳይ እንደማያገለግል ተጽፎበታል። ቴክሳስ ይህን አይነት መንጃ ፈቃድ የላትም፤ ሕጋዊ ነዋሪነቱን ያላሳየ ሰው አታስተናግድም። እንዲህ ያለ ካርድ የያዘ ሰው ቤት ከመከራየቱ በፊት ጉዳዩን የሚያውቅ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

የአድራሻ ማስረጃ ሁለት ይፈለጋል፤ የኪራይ ውል፣ የመብራት ቢል፣ የባንክ ደብዳቤ፣ እንዲሁም ገና ያወጣችሁት የቴክሳስ ሬጅስትሬሽን። ይኸው መኪናውን ማስቀደም በዚህም በኩል ይጠቅማል። ከዘመድ ቤት የተጠጋና በስሙ ምንም ቢል የሌለው ሰው የነዋሪነት ቃለ መሐላ የሚባል ቅጽ አለለት፤ ባለቤቱ ይፈርምለታል። የቤቱ ባለቤት አብሮ ቢሄድ ጥያቄው ያጥራል።

የኛ ሰው ዋናው ፈተና ስሙ ነው። ገብረ ሥላሴ ፓስፖርት ላይ ሁለት ቃል፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ላይ አንድ ቃል፣ ግሪን ካርድ ላይ ደግሞ ገብረ የመጀመሪያ ስም ሥላሴ የመካከለኛ ስም ሆኖ ይገኛል። ሜሪላንድ በአንዱ አሳልፋችሁ ሊሆን ይችላል። ዲፒኤስ ከፌዴራሉ መዝገብ ጋር ሲያመሳክር ካልገጠመ «ተጨማሪ ማጣሪያ ያስፈልጋል» ይላችሁና ትጠብቃላችሁ። ሰነዶቻችሁን ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ፤ ልዩነት ካለ የሶሻል ሴኩሪቲውን ቀድሞ ማስተካከል ይቀላል። በጋብቻ ወይም ዜግነት ስትወስዱ ስም የቀየራችሁ የቀየራችሁበትን ዋና ወረቀት ያዙ፤ ፎቶ ኮፒ አይቀበሉም።

ማመልከቻው ላይ ለምርጫ መመዝገብ ትፈልጋለህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ዜጋ ያልሆነ ሰው እዚያ ላይ «አዎ» እንዳይል። ሳያስተውል ያደረጋት ምልክት ዜግነት ሲጠይቅ ከባድ መዘዝ ታመጣለች፤ «አላወቅኩም» ማለትም ብዙ አያድንም። ዜጋ ያልሆናችሁ ለኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤትም አድራሻችሁን በ10 ቀን ውስጥ ኤአር-11 በሚባለው ቅጽ በኢንተርኔት ማስታወቅ አለባችሁ። ዲፒኤስ ነግሬያለሁ ማለት ለእነሱ ነግሬያለሁ ማለት አይደለም።

የሜሪላንዱን ካርድ ይወስዱባችኋል፤ ከመስጠታችሁ በፊት በፊትም በጀርባም ፎቶ አንሱት። የሚሰጧችሁ ጊዜያዊ ወረቀት ነው፤ ዋናው ካርድ በፖስታ ይመጣል። በዚያ ወረቀት መንዳት ይቻላል፣ አውሮፕላን መሳፈር ግን አይቻልም። በዚያው ሰሞን በረራ ካላችሁ ለአገር ውስጡም ፓስፖርታችሁን ያዙ።

የከባድ መኪና ሾፌሮች ግን 90 ቀኑ የእናንተ አይደለም። ሲዲኤል የሚባለው የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ በፌዴራል ሕግ በ30 ቀን ውስጥ ወደ አዲሱ ስቴት ይዛወራል። የጤና ምርመራ ካርዱን አብራችሁ ያዙ፤ ሃዝማት (አደገኛ ዕቃ የመጫን ፈቃድ) ያላችሁ ፈተናውን እንደገና ልትወስዱ እንደምትችሉ አስቡ። ግሪን ካርድም ዜግነትም ሳይኖራችሁ በሥራ ፈቃድ ሲዲኤል የያዛችሁ ደግሞ ቴክሳስ ይህን አይነቱን መስጠት በሴፕቴምበር 2025 ማቆሟን እወቁ። ጉዳዩ ሲለዋወጥ የቆየ ስለሆነ ዲፒኤስን ሳታነጋግሩ የሜሪላንዱን ካርድ ከእጃችሁ አታውጡ።

ሜሪላንድን መዝጋት

የቴክሳስ ታርጋ ከታሰረ በኋላ የሜሪላንዱን ሁለቱንም ፈትታችሁ መልሱ። ሜሪላንድ የሚመለስ ሰው ካለ ማንኛውም የኤምቪኤ ቢሮ ይቀበላል። በፖስታ ከሆነ ግሌን በርኒ ወዳለው ዋናው መሥሪያ ቤት መከታተያ ቁጥር ባለው ፖስታ ይላካል፤ ውስጡ ስማችሁን፣ የታርጋ ቁጥሩን፣ አዲሱን አድራሻችሁንና የቴክሳስ ሬጅስትሬሽኑን ኮፒ አድርጉ። የተመለሰበት ደረሰኝ እስኪደርሳችሁ የሜሪላንዱን ኢንሹራንስ አትዝጉ። ምዝገባው ሊያልቅ ከአንድ ዓመት በላይ የቀረው ከሆነ ከፊል ገንዘብ ይመለስላችኋልና ጠይቁ።

ቅጣቱን በቁጥር እንየው። ኢንሹራንሱ ተቋርጦ ታርጋው ላልተመለሰ መኪና የመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት 200 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ 7 ዶላር ነው። ታርጋውን ረስቶ 120 ቀን የቆየ ሰው 200 እና የ90 ቀን 630፣ በድምሩ 830 ዶላር ይደርስበታል፤ ለአንድ መኪና ነው ይህ። ካልተከፈለ ወደ ስቴቱ ዕዳ ሰብሳቢ ክፍል ያልፋል። ደብዳቤው ከደረሳችሁ ዝም አትበሉ፤ መኪናው ቴክሳስ የተመዘገበበትንና ኢንሹራንስ የገባበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ወዲያው ላኩላቸውና እንዲያነሱት ጠይቁ። የፖስታ ቤቱን የአድራሻ ለውጥ አትመኑት፤ የመንግሥት ፖስታ ብዙውን ጊዜ አይከተላችሁም፣ ወደ ላኪው ይመለሳል።

ከቨርጂኒያ ለምትነሱ በዚህ ላይ የካውንቲው የመኪና ታክስ አለ። ታርጋውን ለስቴቱ ዲኤምቪ መመለሳችሁን ካውንቲው አውቆታል ብላችሁ አትተዉት፤ መኪናው የወጣበትን ቀን ለፌርፋክስ ወይም ለነበራችሁበት ካውንቲ የታክስ ክፍል ራሳችሁ አስታውቁ። ፌርፋክስ በቀሩት ወራት ልክ ይቀንስላችኋል።

የመንገድ ክፍያ የሚቆርጠውን ኢዚፓሱንም ከመስታወቱ አውልቁት፤ ዳላስ ላይ አይሠራም። በእሱ ቦታ ዳላስ ላይ የሚሠራውን ቶልታግ የደረሳችሁ ዕለት አውጡና መጀመሪያ የሜሪላንዱን ታርጋ አስመዝግቡበት፤ የቴክሳሱ የታሰረ ቀን እዚያው ፓርኪንጉ ላይ ቆማችሁ ቁጥሩን ለውጡት። አለበለዚያ ካሜራው ታርጋውን አንስቶ ቢሉን በፖስታ ይልከዋል፤ ዋጋውም ቶልታግ ካለው ሰው በጣም ይበልጣል፣ የሚሄደውም ሜሪላንድ ባለው አድራሻችሁ ነው። ከኢዚፓሱ አካውንት ላይም የድሮውን ታርጋ ሰርዙት፤ የቀረውን ገንዘብ ማስመለስ ይቻላል።